እትዬ ድልድይና የበሩ አግዳሚ

እትዬ ድልድይ የሚለውን ስም ባልደረቦቿ ሴናተሮች ያወጡላት ሊቀልዱባት ነው። ሴኔቱ ስለ ዓሣ ሀብት ቢወያይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ ቢወያይ፣ ስለ ቀረጥ ቢወያይ፣ የመናገር ዕድል ሲሰጣት ዞራ ዞራ የምትገባው ድልድዩ ላይ ነው። አንድ ቀን «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ዓሣው እንኳ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ከየትኛው ወረዳ ነህ ብሎ የሚያስቆመው የለም» ብትል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ፊታቸውን ፈትተው የማያውቁት አፈ ጉባኤ ሳይቀሩ ወረቀት አንስተው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ተጣበቀባት። እሷም አልተቀየመችም፤ እየሳቁም ቢሆን ድልድዩን ያንሱልኝ እንጂ ብላ ተወችው።

ሴናተር ከመሆኗ በፊት ነርስ ነበረች። ተወልዳ ያደገችባትና የምትሠራባት ትንሽ ከተማ በወንዙ አንድ ዳር ናት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ በሌላኛው ዳር። ወንዙ የሁለት ወረዳዎች ድንበር ነው። በላዩ የተዘረጋው ድልድይ መኪና ሲያልፍበት ከሩቅ የሚንኳኳ ጠባብ የብረት ድልድይ ነው። ያኔ የነበረው ደንብ የአንዱ ወረዳ አምቡላንስ ወደ ሌላው ወረዳ እንዳይሻገር ይከለክላል። ነዳጁ የወረዳው፣ ጎማው የወረዳው፣ የሹፌሩ ደመወዝ የወረዳው ነዋ! ስለዚህ ከከተማዋ በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከሆስፒታሉ በኩል ሌላ አምቡላንስ ይጠራል፤ በሽተኛው ከአንዱ ወርዶ በሌላው ይጫናል። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሌላ ቦታ ሄዶ ከሆነ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ታመው የሚያውቁ አይመስልም።

ታናሽ እህቷ ምጥ ይዟት ደም እየፈሰሳት የጠበቀችው እዚያ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ነርሷ በአንድ እጇ የእህቷን ክንድ፣ በሌላው ደሙን የሚይዘውን ጨርቅ ይዛለች። እናታቸው እግርጌ ተቀምጣ፣ እንዳይጠፉ ብላ ይሁን ግራ ገብቷት፣ የልጇን ጫማዎች ጭኗ ላይ አስቀምጣ አቅፋቸዋለች። ነርሷ ሹፌሩን ለመነችው፣ ሰደበችው፣ በመጨረሻም ቁልፉን ልትነጥቀው ታገለችው። «እኔም ልጆች አሉኝ እህቴ፣ ያባርሩኛል» ይላል ሰውየው፤ እሱም እያለቀሰ ነው። ከድልድዩ ባሻገር፣ ከዛፎቹ በላይ፣ የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያል። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሲደርስ እህቷ የለችም፤ ልጇም አልተረፈም።

እናትየዋ ከዚያ ወዲህ አምቡላንስ በመንገድ ሲያልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ገበያ እንኳ ቢሆን ድልድዩን አትሻገርም። «ብታመም እዚያ ሳጥን ውስጥ እንዳታስገቡኝ» ትል ነበር፣ እንደ ቀልድ። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ልጅዋ ታውቃለች።

ነርሷ ነጭ ጋዋኗን ሰቅላ ለሴኔት ስትወዳደር የከተማዋ ሰው አብዛኛው ከአዘኔታ መረጣት። አዘኔታ ግን አዳራሹ ውስጥ ብዙ አያራምድም። ያረቀቀችው ሕግ ሦስት መስመር ነበር፦ አምቡላንስ በሽተኛ ይዞ ከሆነ በየትኛውም ወረዳ ድንበር አይቆምም፤ የሚያስቆመው ይቀጣል፤ ሕጉ ከዛሬ ጀምሮ ይጸናል። ይህን አንብባ ስትቀመጥ የሚያጨበጭብ ጠበቀች። በማጨብጨብ ፋንታ ከተቃራኒው ወገን ሁሉም «ዳኛው» የሚላቸው ሴናተር ተነሡ።

ዳኛው ዕድሜያቸውን በችሎት የጨረሱ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ናቸው። «ክብርት ሴናተር፣ የአንዱ ወረዳ አምቡላንስ ሌላው ወረዳ ውስጥ ሰው ቢገጭ ተጠያቂው ማነው?»

«የገጨው ነዋ!» አለች።

«ሕግ በ‹ነዋ› አይጻፍም» አሉና ተቀመጡ። ረቂቁም ወደቀ።

ያን ቀን ደሟ ፈልቶ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግሥቱ ግን ቤተ መጻሕፍት ገብታ የተጠያቂነት ሕግ ማንበብ ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አንቀጽ ጨምራ መጣች። ዳኛው ሌላ ቀዳዳ አገኙ፦ አምቡላንሱ ሲሻገር በራሱ ወረዳ የሚታመመውን ማን ያነሳዋል? እሷም ሽንጧን ገትራ ተከራከረች፤ ተሸነፈች፤ እንደገና ሄዳ ጻፈች። እንዲህ ሲገፋፉ ዓመታት አለፉ። አዳራሹ ሁለቱ ሲጋጠሙ ማየት ይወዳል፤ በሌላ ጊዜ የሚያንቀላፉት ሁሉ ቀና ይላሉ። ሰው ያልገባው ነገር ቢኖር ሁለቱ ከልብ የሚከባበሩ መሆናቸው ነው። ረቂቁን ከሷ ወገን ማንም እስከ መጨረሻው አላነበበውም፤ ዳኛው ግን እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ ያውቁታል። ሊጥሉትም ቢሆን ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በዚያ ሴኔት አንድ ያልተጻፈ ልማድ አለ፤ «አብሮ መቅረት» ይሉታል። ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ቢታመም ወይም ሐዘን ቢደርስበት፣ ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ቃል ይሰጠዋል፦ አንተ እስክትመለስ እኔም ድምፅ አልሰጥም። በዚህም የሁለቱ ወገን ሚዛን እንደነበረ ይቆያል። የድምፅ መስጫው ደወል ሲደወል ቃል የሰጠው ሰው ወጥቶ ከአዳራሹ በር ውጭ ያለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። በሩ ይዘጋል፤ ውስጥ ያሉት ይቆጠራሉ። ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። በምርጫ ጊዜ ለመራጩ መንገድና ውኃ ቃል ገብተው የውኃ ሽታ የሚሆኑት ሰዎች፣ አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ የሰጡትን ቃል ግን አጥፈው አያውቁም። ምን ይባላል!

ምክር ቤቱ ሊበተንና ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሲቀረው ዳኛው ደረጃው ላይ አስቆሟት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልቤን ሊቀድዱኝ ነው» አሉ፤ ስለ ጥርስ ሕመም የሚያወሩ ይመስላሉ። «ከእኔ ጋር አብረሽኝ ትቀሪያለሽ?»

«ለምን እኔን መረጡኝ? ስንት ሰው አለ» አለች፤ ደንግጣ ነው።

«አንቺ ክርክር ታበዢያለሽ እንጂ አታታልዪም።»

የሷ ረቂቅ የዚያ ሳምንት አጀንዳ ላይ የለም። አይደርስም ብላ ተስፋ ቆርጣ ለሚቀጥለው ምክር ቤት አስተላልፋዋለች። «ቃሌ ነው» አለቻቸው፤ እጃቸውንም ጨበጠች። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ዳኛው ቀዶ ሕክምና ክፍል በገቡበት ዕለት ጠዋት፣ የወገኗ አስተባባሪ ኮሪደር ላይ እየሮጠ መጣባት። ድምፅ መቁጠር ሥራው የሆነ፣ ከሰው ፊት ይልቅ ቁጥር የሚያይ ወጣት ሰውዬ ነው። ክርኗን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

«እትዬ ይስሙኝ። ከነሱ ወገን ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፤ ተዝረክርከው አብሮ የሚቀር እንኳ አልፈለጉም። አፈ ጉባኤውን አሳምኛለሁ፣ የእርስዎ ሕግ ዛሬ ይቀርባል። ቆጥሬዋለሁ። በአንድ ድምፅ ብልጫ እናልፋለን!»

ክርኗን አስለቀቀች። «ያ አንድ ድምፅ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ይሆናል?»

«እኔ ከዳኛው ጋር እቀራለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

አስተባባሪው እንደ እብድ አያት። «እርስዎ ካልቆሙ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ይወድቃል። ዛሬ ካላለፈ ምክር ቤቱ ሲበተን አብሮ ተበተነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ማን እንደሚመረጥ ማን ያውቃል? ስንት ዓመት ሙሉ ድልድይ ድልድይ ሲሉን ኖረው አሁን ለአንድ ሽማግሌ ብለው...» ሐሳቡን አልጨረሰም። «የትም አልተጻፈም እኮ፣ እትዬ» አለ ዝቅ ብሎ።

ያለው አንድ መንገድ ዳኛው ራሳቸው ከቃሏ እንዲፈቷት መለመን ነው። ሆስፒታል ደወለች። ስልኩን ያነሳችው የዳኛው ልጅ ናት። አባቷ ገና ከቀዶ ሕክምናው እንዳልወጡ ነገረቻት። ቀጥላም፣ እንደ ውለታ ቆጥራው፣ «እርስዎን ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል» አለች። «ሲገቡ ስለ ምክር ቤቱ ይጨነቃሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን እየሳቁ ‹እሷ አብራኝ ቀርታለች፣ በዚያ በኩል ተኝቼ አድራለሁ› አሉን።»

እትዬ ድልድይ «ይማርልሽ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ክርክር አልሰማችውም። ረቂቋ ሲነበብ የሌላ ሰው ጽሑፍ መሰላት። ሌሎች ተነሥተው ተናገሩ፤ አንዱ እንዲያውም ስለ እህቷ ጠቅሶ ድምፁ ተሰበረ። እሷ ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ድልድዩን ለማንሳት ሰበብ ስትፈልግ የኖረችው ሴትዮ፣ ድልድዩ ራሱ ሲመጣ አንድ ቃል አልወጣትም።

ደወሉ ተደወለ። ተነሥታ ወጣች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በረኛው መዝጊያውን ይዞ ቆሟል። ጸጉሩ የሸበተ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው።

«ለዳኛው ነው?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች።

«እግዜር ይማራቸው።»

አግዳሚው ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ እናቷ ታየቻት፤ በዚያች መኪና ውስጥ ጫማ አቅፋ የተቀመጠችው እናቷ። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው እናት እንዲሁ ትቀመጣለች። ከነገ ወዲያም ሌላዋ። ዳኛው ሲነቁ ደግሞ የሚሏት ይሰማታል፤ ወይም ምንም አይሏትም፣ እሱ ይብሳል። ደወሉ ሊያበቃ ሲል በረኛው መዝጊያውን ገፋ አደረገው። አንድ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት ሲቀር ተነሣች።

«እትዬ...» አለ በረኛው። አላስቆማትም። አልፋው ገባች።

«የሚደግፉ ይቁሙ» አሉ አፈ ጉባኤው። ቆመች። የፊቷን ወንበር ጀርባ ይዛ ነው የቆመችው። ቆጣሪው በጣቱ እየጠቆመ ሲመጣ እሷ ላይ ሲደርስ አንድ አፍታ ቆም አለ፤ ከዚያ ቆጠራት። ሕጉ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ወገኖቿ ጮኹ፣ ተቃቀፉ፣ አስተባባሪው ግንባሯን ሳማት። ከማዶ ያሉት አልጮኹም፣ አልተቃወሙም። ከመካከላቸው አንዲት ሴናተር፣ ትልቅ ሆቴል ያላት ሴት፣ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ረጋ ብላ «ዳኛው አሁን ቢላ ሥር ተኝተዋል እኮ» አለች። እትዬ ድልድይ የራሷን ወረቀቶች ሳትሰበስብ ወጣች።

ዳኛው ዳኑ። ሳትጠይቃቸው መቅረት ስላልሆነላት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ሆስፒታል ሄደች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል።

«አለፈ አሉኝ» አሉ።

«አለፈ።»

«የተጠያቂነቱን አንቀጽ እንዳልኩሽ አስተካክለሻል?»

«አስተካክያለሁ።»

«ጥሩ። አሁን ሂጂ።»

ይኸው ነው። በምርጫው ሁለቱም ተመልሰው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳኛው አዳራሹ ውስጥ እንኳ በቀጥታ አናገሯት አያውቁም። መጠየቅ ያለባቸውን በአፈ ጉባኤው በኩል ይጠይቃሉ። የቀሩትም ቢሆኑ አልሰደቧትም፤ ብቻ አብሯት የሚቀር ጠፋ። ጉንፋን ሲይዛት እያነጠሰች መጣች። አክስቷ ስትቀበር ቀብሩን ትታ ድምፅ ልትሰጥ ተቀመጠች። የገዛ ወገኖቿ ሳይቀሩ ምስጢር ሲያወሩ እሷ ስትመጣ ወሬ ይቀይራሉ፤ ያጨበጨቡላት ሁሉ! እሷ አንድ ነገር ለራሷ ማለች፦ ከእንግዲህ እሆናለሁ ያለችበት ቦታ ሁሉ ትሆናለች፣ ሰማይ ቢደፋም።

አምቡላንሶቹ ግን ድልድዩን ይሻገራሉ። ከተማዋ ስትሄድ ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው ይስሟታል፣ ልጆቻቸውን ያሳይዋታል። ደስ ይላታል፤ ሙሉ ደስታ ግን አይደለም። አንዷ ሕፃን አቅፋ «ያንቺ ነው» ብትላት ማንን ማመስገን እንዳለባት ሳታውቅ ቀረች።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ከጤና ጣቢያ ነርሶች የደመወዝ ሕግ ድምፅ በፊት፣ ስልኳ ጮኸ። የእናቷ ጎረቤት ናት፣ ልብስ ሰፊዋ። እየጮኸች ነው የምታወራው።

«እናትሽ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል! አንጀቷ ታስሯል፣ ዛሬውኑ ካልተቀደደች አትተርፍም ነው የሚለው ከአምቡላንስ ጋር የመጣው ሐኪም። አምቡላንሱ በራችን ላይ ቆሟል፣ አልገባም ብላ የአልጋውን እግር ይዛለች!»

«አቅርቢልኝ።»

የእናቷ ትንፋሽ መጣ፤ አጭር አጭር ነው።

«እማዬ፣ እባክሽ ግቢላቸው። አሁን ድልድዩ ላይ አይቆምም። ሕጉ ተለውጧል እኮ፣ እኔ ነኝ ያስለወጥኩት።»

«አንቺ ሕግ ትያለሽ» አለች እናቷ። «ያኔም ሕግ ነው የተባልኩት።» ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «አንቺ ካለሽ እገባለሁ። ድልድዩ ላይ ብቻዬን አልሞትም።»

አስተባባሪው ዘንድ ሮጠች። እሱም አዘነላት፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። አሁንም ሚዛኑ በአንድ ድምፅ ነው። ለነርሶቹ ማኅበር እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ «እኔ እኖራለሁ፣ አትስጉ» ያለቻቸው ራሷ ናት። ነርሶቹ አሁን ፎቅ ላይ ከተመልካቾች ጋር ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ የድሮ ባልደረቦቿ ናቸው። «አብሮዎት የሚቀር ይፈልጉ» አላት አስተባባሪው፣ ዓይኗን ሳያይ። «ካገኙ በሰላም ይሂዱ።»

ሻይ ቤቱ ገባች። ከተቃራኒው ወገን ያሉትን አንድ በአንድ ለመነች። አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዱ ሲኒውን እያማሰለ «እኔማ ባዝንልሽም ወገኖቼ አይፈቅዱልኝም» አለ። ባለሆቴሏ እስከ መጨረሻ አዳመጠቻት፤ ክፉ ሴት አይደለችም።

«እናትሽን እግዜር ይማርልሽ» አለች። «እኔ ወጥቼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አንቺ ከኋላዬ ብትገቢስ?»

«እናቴ እየሞተች ነው!»

«ዳኛውም እየሞቱ ነበር።»

እትዬ ድልድይ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ደግማ ደወለች፤ አላነሳችውም፣ ምን ትበላት? ወጥታ መኪናዋን አስነሥታ ብትበር የሚያግዳት የለም። እንግዲያው ነርሶቹ ፎቅ ላይ ሆነው ባዶ ወንበሯን ያያሉ። ብትቀመጥ ደግሞ እናቷ ያችን አልጋ እንደያዘች ትቀራለች። እግሮቿ ወዴት እንደሚወስዷት ሳታውቅ የአዳራሹ በር ጋ ደረሰች። አግዳሚው ላይ ሰው ተቀምጧል።

ዳኛው ናቸው። በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያሉ። በረኛው ዞር ብሎ የበሩን እጀታ በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ዳኛ...»

«አልማርኩሽም» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ። «እንዳይመስልሽ።»

ወደ አግዳሚው ቀረበች።

«የታመመችው እናትሽ ናት? ድልድዩ ላይ የነበረችው?»

«እሷው ናት።»

«ለነርሶቹ ሕግ ተቃዋሚ ነኝ፤ የበጀቱ አንቀጽ ውኃ አያነሳም። ሳልጥለው በመቅረቴ ይቆጨኛል።» ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ያዩአት። «እኔ አብሬ የምቀረው ከበሽተኛዋ ጋር ነው፣ ካንቺ ጋር አይደለም። ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

ልታመሰግን አፏን ከፈተች፤ በበትራቸው ወደ መውጫው ጠቆሙ። ሮጠች። ደረጃው ላይ ሳለች ደወሉ ተደወለ፣ ከኋላዋም በሩ ሲዘጋ ሰማች። ዳኛው ውጭ እንዳሉ ዞራ አላየችም፤ እንዳሉ ታውቃለች።

እንዴት እንደነዳች እግዜር ይወቅ። ድልድዩን ወደ ከተማዋ ስትሻገር ብረቱ ተንኳኳ፤ እሷም እንደ ልማዷ ትንፋሽዋን ያዘች። አምቡላንሱ የእናቷ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። እናቷ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ የአልጋውን እግር በሁለት እጇ ይዛለች። ልጅዋን ስታይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች። «መጣሽ» አለች፤ ሌላ አላለችም።

ከሐኪሙ ጋር ተሸክመው አስገቧት። ልብስ ሰፊዋ የእናትየዋን ጫማዎች እያንጠለጠለች ሮጣ አቀበለቻቸው፤ እትዬ ድልድይ ሌላ ማስቀመጫ ስላጣች ጭኗ ላይ አደረገቻቸው። ካደረገች በኋላ ነው የት እንዳለች የገባት። እናትየዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ በዚያች ሰዓት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ነርስ ለነበረ ሰው ደግሞ ያ ፊት፣ ያ ላብ፣ ያ የልብ ምት የሚነግረው ነገር መልካም አልነበረም።

«ድልድዩ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ» አለች እናቷ። ዓይኖቿን ጨፍናለች። የልጅዋን እጅ አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ጣቶቹ ደም አጡ።

መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። ከሹፌሩ ትከሻ በላይ በመስተዋቱ ወንዙ ታየ፣ ከዚያ የድልድዩ አፍ፣ ያኔ የቆሙበት ሜዳ። እትዬ ድልድይ ለእናቷ መንገሩን ትታ የሹፌሩን እጅ አየች። ሹፌሩ ምንም አያውቅም፤ እንደ ማንኛውም ቀን ማርሽ ለወጠና ቀጠለ። ብረቱ ከሥራቸው ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ ወጡና ጸጥ አለ።

«ደረስን?» አለች እናቷ።

«አለፍነው፣ እማዬ።»

«ሳንቆም?»

«ሳንቆም።»

እናትየዋ ዓይኗን ገለጠች። በመስኮቱ የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ታያት፤ ከዛፎቹ በላይ፣ እዚያው አጠገባቸው። ለረጅም ጊዜ አየችው። መኪናው ወደ ግቢው ሲታጠፍና በሩ ሲከፈትላቸው ዞራ የልጅዋን ፊት፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ያሉትን ጫማዎች ተመለከተች።

«ይህን ያህል ቅርብ ነበር እንዴ?» አለች።